«ፎቶ ይመስላል» አትበሉኝ

ቲክቶክ ወይም ዩቲዩብ ላይ «የእርሳስ ሥዕል» ብላችሁ ፈልጉ። ነጭ ወረቀት፣ አንድ እጅ፣ ከኋላ ለስለስ ያለ ሙዚቃ። ቪዲዮው ይሮጣል፤ ዓይን ይወጣል፣ አፍንጫ ይከተላል፣ ፀጉሩ አንድ በአንድ ይሰመራል። መጨረሻ ላይ ስልኩ ከወረቀቱ ጎን ይቀመጥና ፎቶውና ሥዕሉ ጎን ለጎን ይታያሉ። ከዚያ ወደ ኮሜንቱ ውረዱ። «ወይኔ! ፎቶ ይመስላል እኮ!»

እኔ ደብረ ታቦር ውስጥ የሰው ፊት እየሳልኩ ነው የምተዳደረው። ይሄ ምስጋና ለእኔም ይደርሰኛል። የሚሉኝ ሰዎች ከልባቸው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቅር አይለኝም። እውነቱን ልናገር ከተባለ ግን፣ ለሥዕል ከሚሰጡ ምስጋናዎች ሁሉ የዚህን ያህል ደካማ የለም። እናታችሁ የጋገረችውን እንጀራ ቀምሳችሁ «እማ፣ የማሽን ይመስላል!» ብትሏት ምን ትላችኋለች?

አሠራሩን ለማታውቁ ላስረዳ። ደንበኛው በቴሌግራም ፎቶ ይልካል። አንድ አፕ ፎቶው ላይ ካሬ ካሬ መስመር ይጥልበታል። እኔም ወረቀቴ ላይ በስሱ ያንኑ ያህል ካሬ አሰምራለሁ። ከዚያ ሰው እየሳልኩ መሆኔን እረሳና ካሬ መሙላት ነው። በሦስተኛው ካሬ ያለችውን ጥላ ወደ ሦስተኛው፣ በአራተኛው ያለችውን ወደ አራተኛው። ዘዴውን አልንቀውም። የአውሮፓ ሰዓሊዎችም ትንሽ ንድፍ ወደ ትልቅ ግድግዳ ለማሳደግ ለዘመናት ተጠቅመውበታል፤ እጅንም ትዕግሥት ያስተምራል። ብቻ እነሱ በካሬ የሚያሳድጉት ራሳቸው አይተው የነደፉትን ነበር። እኛ የምናሳድገው ስልኩ የነደፈውን ነው።

ስልኩ ይነድፋል ስል ለማሳመር አይደለም። የስልክ ካሜራ ሰፋ አድርጎ እንዲያይ ተደርጎ ነው የተሠራው። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ሰልፊ ስትነሱ ለሌንሱ የቀረበው አፍንጫ ይተልቃል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል። የውበት ፊልተሩ ቆዳውን ያለሰልሳል፣ ያቀላል፣ አገጩን ያሾላል። ቀለሙም የራሱ ታሪክ አለው። በፊልም ዘመን ኮዳክ የቀለም ሚዛን የሚስተካከልበት «ሸርሊ ካርድ» የሚባል የነጭ ሴት ፎቶ ነበረው፤ ጠቆር ያለ ፊት ድብልቅልቅ ብሎ ሲወጣ ጥፋቱ የፊቱ ይመስል ነበር። ጉግል «ሪል ቶን» ብሎ የጠቆረ ቆዳን እንደ ልኩ የሚያሳይ ካሜራ ይዤ መጣሁ ያለው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፤ ትናንት ማለት ነው። እንግዲህ አስቡት። እኔ ጉና ሥር ቁጭ ብዬ በላጲስ የምጨነቅለት ብርሃን፣ ካሊፎርኒያ ያለ መሐንዲስ «ሰው እንዲህ ቢሆን ያምራል» ብሎ የወሰነው ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ይሄኛው በቀጥታ ኪስ ይነካል። አሁን ፎቶ ስትሰጡት በሰከንዶች ውስጥ የእርሳስ ሥዕል አድርጎ የሚመልስ አፕ ሞልቷል። ያውም በነፃ። እኔ 2 ቀን የምፈጅበትን። የሥራዬ ዋጋ ፎቶ መምሰሉ ብቻ ከሆነ ጨዋታው አልቋል ማለት ነው፤ እርሳሴን ሸጬ የባጃጅ መንጃ ፈቃድ ላውጣ። ስለ ሥዕል የማወራ ብመስልም ስለ እንጀራዬ ነው የማወራው፤ እንደኔ እርሳስ ይዘው በየከተማው ስለተቀመጡ ልጆችም እንጀራ።

ታዲያ ፎቶ ካልሆነ ሰውን ከምን ተነስቶ ነው የሚስሉት? መልሱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ደብረ ታቦር ውስጥ ከማንም በላይ የሚሳለው ማን ነው? ክርክር የለውም፤ ቴዎድሮስ ነው። ግድግዳ ላይ አለ፣ ባጃጅ ላይ አለ፣ የተማሪ ደብተር ጀርባ ላይ አለ። ሹሩባው፣ ዓይኑ፣ ጦሩ። ይቺ ከተማ መቀመጫው ነበረች፤ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራው እዚሁ አፍንጫችን ሥር ጋፋት ላይ ነው። እናም ይህ ሁሉ ሰው የሚስለው ንጉሥ በሕይወት ሳለ የተነሳው ፎቶ የለውም። ወደ መቅደላ የመጣው የእንግሊዝ ጦር ፎቶ አንሺዎች ይዞ ነበር፤ አምባውን አነሱ፣ የተፈቱትን እስረኞች አነሱ። ንጉሡ ግን ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሲሞት ፊቱን ለካሜራ ሳይሰጥ ሄደ። አስከሬኑ አጠገብ ቆመው የሳሉት ነበሩ። ከእነዚያ ሰዓሊዎች በአንዱ ቤተሰብ እጅ ቆይቶ ለንደን ሙዚየም የገባው የፀጉሩ ጉንጉን በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሷል። ልጁን ዓለማየሁንም ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ዝነኛ ፎቶ አንሺ በዚያው ክረምት እንግሊዝ ውስጥ አንስታዋለች። ያ ያዘነ ልጅ ከነሐዘኑ ዛሬም ያየናል። አባትየው ግን የለም።

አሁን ልብ በሉ። አንድ ልጅ ቴዎድሮስን ስሎ ሲያሳይ «ፎቶ አይመስልም» የሚለው ማንም የለም። ግን ሰው ዝም አይልም፤ ይፈርዳል! «አዎ፣ ይሄ እሱ ነው» ይላል። ወይም «ኧረ ይሄስ ቴዎድሮስ አይደለም፣ ምን ይሄ፣ ነጋዴ አስመሰልከው» ይላል። በምን አወቀ? አይቶት አያውቅ። የሚያመሳክረው ስለ ሰውየው ከሰማው ጋር ነው፤ ከኩራቱ፣ ከቁጣው፣ ከመጨረሻው ቀን ጋር። ልጁም ግንባሩን ከአጎቱ፣ አቋቋሙን ከሠፈሩ ጎበዝ፣ ዓይኑን ከማን እንደሆነ እንጃ ተውሶ ነው የሚሠራው። እኔ በበኩሌ ሰውን የመሳል ሥራ ማለት ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ፎቶ ያለው ሰው ሲመጣልን ይህን ሁሉ መርሳታችን ነው የሚገርመኝ።

ይሄ ሙያ ደግሞ ትምህርት ቤት አለው፤ ያውም የብዙ መቶ ዓመት። በጣና ደሴቶችና ዳርቻዎች፣ በጎንደር፣ በየገጠሩ ደብር ቅጥር ውስጥ ግድግዳው ሁሉ ሰው ነው። እነዚያን ሥዕሎች በልጅነታችን እያየን ስላደግን ሕጋቸውን ልብ አንለውም። ጻድቅ ሙሉ ፊቱን፣ ሁለት ዓይኑን ይዞ ያያችኋል። ክፉው በጎን ነው የሚሳለው፤ አንድ ዓይን ብቻ። ጌታን የሚገርፉት ወታደሮች፣ ሰይጣን፣ በመጨረሻው እራት ላይ ይሁዳ። (እንግዲህ ኢንስታግራም ላይ በጎን ፕሮፋይል መነሳት የምታበዙ ሰዎች፣ ከማን ወገን እንደምትቆጠሩ አስቡበት።) ሕጉ ሁሌም በሁሉም ቦታ ተጠብቋል ማለት አይደለም። ግን ከጀርባው ያለው ሐሳብ ይገርመኛል። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዓሊ ሰውን ሲስል መጀመሪያ የሚጠይቀው አፍንጫው ስንት ሴንቲሜትር እንደሆነ አይደለም። ማን ነው? ምን አደረገ? ከማን ጋር ቆመ? ነው የሚለው። መልኩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። እስቲ በቀጣይ ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ በላዔ ሰብን ፈልጉት። ሰው ሲበላ ኖሮ በጥርኝ ውኃ የዳነው ሰውዬ። ኃጢአተኛም ነው፣ የዳነም ነው። ሰዓሊው ስንት ዓይን እንደሰጠው ቁጠሩ።

ደግሞ እነዚያ ሰዓሊዎች ከዘመናቸው የተቆራረጡ አልነበሩም። ቀይ ባሕር ውስጥ የሚሰጥመውን የፈርዖን ወታደር ጠመንጃ ያሸከሙ አሉ። ፈርዖን ጠመንጃ አልነበረውም፤ ሰዓሊው ግን ወታደር ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቀው በመንደሩ ሲያልፍ ካየው ነው። ከውጭ የመጣ ሥዕልም ገልብጠዋል። ነገሥታቱ ለዘመቻ ይዘውት ይወጡ የነበረው ኲርዓተ ርእሱ፣ የእሾህ አክሊል የደፋው የክርስቶስ ሥዕል፣ የአውሮፓ ሰው እጅ ሥራ ነው፤ ከመቅደላ የወሰደውም የብሪቲሽ ሙዚየም ወኪል ሆኖ ከጦሩ ጋር የመጣው ሪቻርድ ሆልምስ ነው። የእኛ ሰዓሊዎች እሱን እያዩ ደጋግመው ስለውታል። ቅጂዎቹን ስታዩ ግን ዓይኑ ሰፍቷል፣ መስመሩ ጠንክሯል፣ ቀለሙ ተለይቷል፤ የአገራችን ሰው ሆኗል። መገልበጥ በራሱ ነውር የለውም። ሲገለብጡ አንዳች ነገር ከራስ ካልገባበት ነው እጅ ፕሪንተር የሚሆነው። (ዛሬ በየደብሩ የምናየው የታተመ፣ የሚያብረቀርቅ፣ የፈረንጅ ፊት ያለው ሥዕል ሌላ ጉዳይ ነው። እሱን ብጀምረው አልጨርሰውም።)

ይህን ትምህርት ይዞ ከቅጥሩ የወጣ ሰው ማየት ከፈለጋችሁ ቄስ አዳሙ ተስፋው አሉ። ከአባይ ማዶ፣ የቢቸና ሰው ናቸው። ሥዕል የተማሩት በቤተ ክርስቲያን ወግ ነው፤ ቅዱሳኑን፣ መላእክቱን፣ የጦር ሜዳውን። በኋላ ግን እጃቸው የራሱን መንገድ ያዘ። መስመሩ ይወፍራል፣ ሰዎቹ ይጨናነቃሉ፣ ፊቶቹ ያፈጣሉ፤ አንድ ጊዜ ካያችሁት ሌላ ቦታ ስታገኙት ፊርማ አትፈልጉም። እ.ኤ.አ. በ2005 ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የፋውለር ሙዚየም ስለ ሕይወታቸውና ሥራቸው ኤግዚቢሽን ተዘጋጅቶ መጽሐፍ ታትሟል። ለእኔ ትልቁ ነገር ኤግዚቢሽኑ አይደለም። የተማሩትን ሕግ ሳይጥሉ ከሕጉ ውስጥ የራሳቸውን ሰው ማውጣታቸው ነው።

ሌላው ወልድያ የተወለደው ታደሰ መስፍን ነው። ሌኒንግራድ ድረስ ሄዶ የተማረ፣ ተመልሶ አዲስ አበባ በአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከ30 ዓመት በላይ ያስተማረ ሰው። ዓለም ዞሮ ዞሮ ምን ሳለ? የጉሊት ሴቶችን። ሽንኩርት፣ ድንችና ቃሪያ ፊታቸው ደርድረው የሚቆሙትን። «የሕይወት ምሰሶዎች» ይላቸዋል። እንደ ንግሥት ቀጥ ብለው ነው የሚቆሙት፤ ከበስተኋላቸው የገበያ ዝርዝር የለም፣ ቀለም ብቻ ነው። የሴቶቹን ክብር ፎቶ ላይ አታገኙትም፤ ፎቶ ላይ የምታገኙት ድካማቸውን ነው። እሱ ግን ሁለቱንም አይቶ የትኛው መቅደም እንዳለበት ወሰነ። ከተማሪዎቹ አንዱ ተስፋዬ ኡርጌሳ እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ድንኳን በቬኒስ ቢየናሌ ስትቀርብ ብቻውን ወክሏታል። የተስፋዬ ሰዎች ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ናቸው። አካላቸው ይጣመማል፣ እጅና እግር ይደራረባል፣ የማን ክንድ የማን እንደሆነ ትጠፋላችሁ፤ ዓይናቸው ግን ከእናንተ ላይ አይነሳም። መምህሩን አልገለበጠም። ከአንድ ክፍል ወጥተው እንዲህ መለያየታቸው ደስ ይለኛል።

ወደ ራሴ ልምጣ። በ2015 ክረምት መውጫ ላይ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ ሌላውን ችግር ሁሉ ትተን፣ የእኔ ትዕዛዝ በአንድ ቀን ቀጥ አለ። ፎቶ የሚልክ የለም። እጅ ደግሞ ሥራ ሲፈታ ይደርቃል። ስለዚህ ቤት ያለውን ሰው መሳል ጀመርኩ። መጀመሪያ እናቴን፣ ቡና ስትቆላ። አትቀመጥልኝም! ታጎነብሳለች፣ ትነሳለች፣ ታራግባለች። ካሬ የለ፣ ማቆሚያ የለ፣ ዙም የለ። 5 ደቂቃ ውስጥ ከጀርባዋ መታጠፍ በቀር ምንም አይቀረኝም ነበር። የሚገርመው ግን ያቺን አንዲት የጀርባ መስመር ያየ ጎረቤት ሁሉ «እትዬን!» አለ። ፊት የለውም ወረቀቱ። ከዚያ በፊት በሠራኋቸው፣ የዓይን ሽፋሽፍት በቆጠርኩባቸው ሥዕሎች ላይ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

ደጋ ላይ ሰው በፊት ብቻ አይታወቅም። ጉና በጉም ተሸፍኖ ብርዱ ሲወርድ ሁሉም ጋቢውን እስከ አፍንጫው ነው የሚለብሰው። ታዲያ ከሩቅ እንዴት ነው የምንለያየው? በአለባበስ፣ በአረማመድ፣ በአቋቋም። ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሁለት እጁን የሰቀለበት ገበሬ አለ። በአንድ እግሩ ቆሞ በዱላው የተደገፈ እረኛ አለ። ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ወገቧ ታጥፎ አንገቷን ቀና ያደረገች ልጅ አለች። ነጠላ ራሱ ይናገራል። ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ ሴት መስቀልያ ትለብሳለች፤ ሐዘን ላይ ስትሆን ጥለቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ታላቅ ፊት የቀረበ ሰው ያደገድጋል። ይህን ሳታውቅ የምትስለው ሰው ቢያምርም ዲዳ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎቱን «ሐዘን ላይ ያለች የጎንደር ሴት ሳልልኝ» በሉትና ነጠላዋን እንዴት እንደሚጠቀልልባት እዩ።

አሁን ይህን ሁሉ ወዳስጻፈኝ ነገር ልግባ። እዚህ አካባቢ ባለፉት ዓመታት የሚመጣልኝ ትዕዛዝ ዓይነቱ ተለውጧል። ድሮ የልደት ስጦታ ነበር፣ የፍቅረኛ ነበር፣ የምርቃት ነበር። አሁን የሌለ ሰው ይበዛል።

አንዲት እናት መጡ። ከመቀነታቸው ላይ የተጠቀለለ ላስቲክ ፈቱ፣ ከላስቲኩ መታወቂያ አወጡ። መታወቂያው ላይ ጉርድ ፎቶ አለ፤ ወጣት ልጅ፣ ማኅተሙ ግማሽ አገጩን በልቶታል። ትልቅ አድርጌ እንድስልላቸው ነው። ፎቶውን በስልኬ አንስቼ ካሬ ልጥልበት ስል «ልጄ፣ እንዲህ ግን አልነበረም» አሉኝ። «እንዴት ነበር እናቴ?» አልኳቸው። «ይስቅ ነበር እንጂ። ይሄ'ኮ ለመታወቂያ ዝም በል ብለውት ነው።»

ጉርድ ፎቶ ማለት ይሄው ነው። ዝም በል፣ ቀጥ በል፣ ወደዚህ እይ ተብሎ የተነሳ ሰው። ያንን በካሬ ባሳድገው ፎቶ የሚመስል ሥዕል ይወጣኝ ነበር፤ እናትየው የማያውቁት ልጅ። ስለዚህ ስልኩን አስቀምጬ ጠየቅኳቸው። ሲስቅ የቱ ይቀድማል፣ ዓይኑ ነው አፉ? ጥርሱ ይታያል ወይስ በእጁ ይሸፍናል? አንገቱን ያዘነብላል? ቤተሰብ ውስጥ ማን በሳቅ ይመስለዋል? እህቱ አሉ። በማግሥቱ እህቱን ይዘዋት መጡ። ልጅቷ መጀመሪያ አልሳቀችም፤ ማን ይስቃል። ግን ስለ ወንድሟ ማውራት ስትጀምር ወሬው መሐል አንድ ነገር ትዝ ብሏት ፈገግ አለች፣ ጉንጯ በግራ በኩል ብቻ ሰረጎደ፤ እናትየውም «እሱን! እሱን!» አሉ። የልጁ አጥንት ከመታወቂያው፣ ሳቁ ከእህቱ፣ የሻርቡ አጠማጠም ከእናቱ አፍ መጣ። ምን እንደገጠመው አልጠየቅኩም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም።

ያን ቀን ነው ሙሾ አውራጅ ማለት ምን ዓይነት ሰዓሊ እንደሆነች የገባኝ። ሟቹን በአካል ላታውቀው ትችላለች። ለቅሶ ቤት ስትገባ ግን ዝም ብላ አትጀምርም፤ ትጠይቃለች። ቁመቱስ? አረማመዱስ? ማንን ይወድ ነበር? እናቱን ምን ብሎ ይጠራት ነበር? ከዚያ በጥቂት ስንኝ ሰውየውን ታቆመዋለች፣ ታስኬደዋለች፤ ለቀስተኛው «አዬ፣ እሱን» ይላል። ለቅሶው መሐል ፎቶውን ይዞ የሚዞር ሰው አለ፤ ዕንባው የሚመጣው ግን ፎቶው ሲያልፍ ሳይሆን ስንኙ ሲወርድ ነው። የእኛ አገር የሰው ሥዕል ትምህርት ውስጥ ይቺ ሴት አስተማሪ ሆና አለመቆጠሯ ይቆጨኛል።

«ጥሩ፣ ግን ደንበኛ የሚፈልገው ፎቶ የሚመስል ነው፣ ገንዘቡ እዚያ ነው» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ትክክል ናችሁ። አንድ ልጅ ቤት ኪራይ እያለበት ደንበኛ ያባርር አልልም፤ እኔም አላባረርኩም። ካሬውን ዛሬም እጠቀማለሁ፤ ለተመጣጣኝነት፣ ለቸኮለ ሥራ። ሥዕሉ ሰውየውን አይምሰል ያለም የለም። እንዲያውም የበለጠ ይምሰለው ነው የምለው። ዋጋ ላይም ቢሆን በሐቀኝነት ሁለት ዓይነት ማድረግ ይቻላል፤ ከፎቶ የሚገለበጥ ሌላ፣ ሰዉ ተቀምጦ ወይም ቤተሰቡ ተጠይቆ የሚሠራ ሌላ። እኔ እንዳየሁት ሁለተኛውን የሚመርጠው ሰው ብዙ ባይሆንም አይከራከርም። አፑ የማይሰጠውን ነገር እየገዛ መሆኑ ይገባዋል።

ሌላው ችግር ሰው ፊት ተቀምጦ መሳል በራሱ ነው። ገበያ ላይ ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ድንች የሚሸጡ እናት ፊት ብትቆሙ መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ግብር እየመዘገባችሁ እንደሆነ ነው። በዚህ ጊዜ ደግሞ ሰው ሰውን ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ስለዚህ ወረቀቱን ማሳየት ነው፤ ከመጀመሪያው፣ ነጭ ሳለ። ሲያልቅም ማሳየት። ከተቆጡ መቅደድ። «አፍንጫዬን ምን አደረግከው?» ተብላችሁ ገበያ መሐል ትሳቁባችኋላችሁ፤ ይሄ ከየትኛውም ኮሜንት የተሻለ ትምህርት ነው። ውድ ዕቃም አይጠይቅም። ከምድጃ የወጣ የባሕር ዛፍ ከሰል ከየትኛውም 6ቢ እርሳስ እኩል ይጠቁራል፤ ጀርባው ያልተጻፈበት ወረቀት የሌለው ተማሪ የለም። 5 ደቂቃ ብቻ ስጡት፤ ስልኩን ለሰዓት መቁጠሪያ ተጠቀሙበት። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጣችሁ ያያችሁትን ሰው በቃላችሁ እንደገና ሳሉ። ሁለተኛው ላይ የቀረው ነገር፣ እሱ የእናንተ ነው።

እና ትዕዛዝ ልትልኩልኝ ያሰባችሁ ሰዎች፣ ፎቶውን ላኩ፣ ችግር የለም። ግን ከፎቶው ጋር የ2 ደቂቃ ቮይስ አያይዙልኝ። ሲቆም ክብደቱን የሚጥለው በየትኛው እግሩ ላይ ነው? ሲቆጣ ዝም ይላል ወይስ ይንጫጫል? ጋቢውን በየትኛው ትከሻው ነው የሚያጣፋው? ሲያዳምጣችሁ የት ነው የሚያየው? የማታውቁት ካለ እናቱን ጠይቋት፤ በሕይወት ካለ ደግሞ ዛሬ ማታ ሄዳችሁ እሱን ራሱን እዩት።